የሰርዶ ክትፎ

ከመሥሪያ ቤታችን ካፍቴሪያ ጀርባ ለዓመታት ሣር ብቻ ለብሶ የኖረ ቦታ አለ። የከተማ ግብርና ሲባል የሁሉም ዓይን እዚያ ላይ አረፈ። ጎመን ይተከል፣ ካሮት ይዘራ ተባለ። የግቢውን አትክልት የማስተባብረው እኔ ስለሆንኩ ሥራው ወደ እኔ መጣ።

ጊዜው ሰኔ መጀመሪያ ነው። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። በሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ሪፖርት ይገባል፣ ያልተሠራው ሁሉ ድንገት አስቸኳይ ይሆናል። ዕቅዳችን 12 መደብ ነበር፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋት። ከዚያ በላይ ከሰፋ መሐል ላይ ያለውን አረም ለመንቀል መደቡን መርገጥ ግድ ይላል። አለቃዬ በዶማ የሚሆን አልመሰላቸውም። አንዲት ትንሽ የማረሻ ማሽን ተገዛች። ቤንዚን የምትጠጣ፣ ባለ 7 ፈረስ ጉልበት፣ ከፊቷ የሚሽከረከሩ የብረት ቢላዎች ያሏት። ቲለር ይሏታል።

አዲስ ሞተር ብዙ ጊዜ ዘይት ሳይሞላበት ነው የሚመጣው። አንዱ ልጃችን የማስነሻ ገመዱን ሊስብ ሲል ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ጊዜ አስነስቶት ቢሆን ይኼን ጽሑፍ ሳይሆን የንብረት ጉዳት ማመልከቻ ነበር የምጽፈው።

ከአትክልተኞቻችን መካከል በዕድሜ ትልቁን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሞጣ በኩል ገበሬ ነበሩ። ሣሩን ከላይ አጭደን ስንጨርስ መጥተው በእግራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ ሰርዶ ነው።»

«አዎ ጋሼ። ግድ የለም፣ ማሽኗ ትፈጨዋለች።»

«እኔስ እሱን ነው የፈራሁት» አሉና ዝም አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ዝምታ ብዙ ጊዜ አስታውሻታለሁ።

ማሽኗ መጀመሪያ ላይ አስቸገረች። ደረቅ ሣር ላይ ስትወጣ እንደ ያልተገራች በቅሎ ትዘላለች። ከኋላዋ መሬት የምትነካ የብረት ካስማ አለቻት። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት ካስማዋ ትሰካለች፤ ማሽኗ ትዘገይና ጠልቃ ትቆፍራለች። ቀና ሲያደርጉት ትሮጣለች። ይኼን እስክናውቅ ሁለት ሰው ይዟት እየሮጠ ነበር። ጉልበቷም ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል አቅም ያጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ባለ 7 የተባለችው ከ5 ፈረስ ብዙም የማይበልጥ ጉልበት ነው ይዛ የቀረበችው።

በየአሥር ደቂቃው ቢላዎቹ ላይ ሣር እንደ ገመድ ይጠመጠማል። አንደኛው ልጅ ሞተሩ እያጉረመረመ እጁን ሊሰድ ሲል ጮህኩበት። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን። ሞተሩ ይጠፋል፣ ሞተሩን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ኬብል ይነቀላል፣ እጅ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። በዚያ ሰኔ በትክክል ሠራሁ የምለው ነገር ይኼ ብቻ ነው።

በአንድ ቀን ተኩል 12ቱም መደብ አለቀ። አፈሩ እንደ ሽሮ ዱቄት ልሟል። አለቃዬ መጥተው ፎቶ አነሱ። «የመሬት ዝግጅት፦ 100 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ስምንቱ መደብ ላይ የጥቅል ጎመን ችግኝ ተከልን፣ አራቱ ላይ ካሮት ዘራን። ዝናቡም ሳያሳፍረን ጣለ።

ሃያ ቀን ገደማ ሲሆን ጠዋት ስገባ የካሮቱ መደብ አረንጓዴ ለብሷል። እንደ መርፌ የቀጠነ ቡቃያ፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ «ካሮቱ በቀለ!» ብዬ ለአለቃዬ ደወልኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው ከመደቡ አንድ ነገር ጎትተው አወጡ። ጣት የምታክል ቁራጭ ናት። ሦስት አንጓ አላት፤ ከእያንዳንዱ አንጓ ወደ ላይ ቡቃያ፣ ወደ ታች ነጭ ሥር ወጥቷል።

«ይኸውልህ ካሮትህ» አሉኝ።

ዞር ስል የጎመኑም መደብ እንደዚያው ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ሣሩ እዚህም እዚያም የሳሳ ነበር።

የሆነው ይኼ ነው። ሰርዶ መሬት ውስጥ እንደ ገመድ ይሄዳል፤ ገመዱ ላይ በየቦታው አንጓ አለ። አንጓ ያላት ቁራጭ ሁሉ ራሷን ችላ ትበቅላለች። የበሬ ማረሻ ሥሩን ፈንቅሎ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ የበጋ ፀሐይ ያደርቀዋል። ገበሬ ደጋግሞ የሚያርሰው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። የእኛ ቲለር ግን ከተፈችው። ክትፎውን ከልሙ አፈር ጋር አዋሕዳ፣ ልክ ክረምቱ ሲገባ፣ በእኩል ርቀት ተከለችው። ችግኝ እንዲህ አስተካክሎ የሚተክል ሠራተኛ ኖሮኝ አያውቅም።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «ይኼን አይታ ቢሆን በሰላም አትሞትም ነበር።»

ለምን አጥብቀው እንዳልነገሩኝ ኋላ ላይ ጠየቅኳቸው። «ነገርኩህ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከሪፖርቱ የተረፈ፣ እሳቸውን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

ክረምቱን በሙሉ አረም ስንነቅል ከረምን። ካሮቱን ተውነው። ጎመኑ ቡጢ የምታክል ጭንቅላት ይዞ ቀረ።

ኅዳር ሲጋመስ ዝናቡ ለየለት። በዚህ ጊዜ ሥራውን ለጋሼ ሰጠሁ። ስድስት መደብ ብቻ እንያዝ አሉ። በብረት መንሽ ከዳር እየጀመሩ አፈሩን መፈንቀል፣ ማራገፍ፣ ሥሩን ሳይቆርጡ እንደ ክር ጎትቶ ማውጣት። አንዳንዱ ክር ከክንዴ ይረዝም ነበር። ከላይ ያለውን ሣር አጭደን በጆንያ ለየነው፤ ሥሩን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ስድስቱ መደብ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ለአለቃዬ በቀን ግማሽ መደብ ብዬ ስነግራቸው ፊታቸውን ማየት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ጋሼ ራሳቸው «በል ያቺን ጉድ አምጣት» አሉ። ፍግ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ፈልገዋል። መደቡን ሁለት ቀን ቀድመው ትንሽ ውኃ አጠጥተውታል። አፈሩን ጨበጡና በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ፈረሰ። ጥቁር አፈር ሲጨብጡት ጭቃ ሆኖ እንደ ኳስ ከቆየ አይነካም። ቢላዎቹ ከሥር ያለውን ይለስኑትና ሥር የማያልፍበት ወለል ይሠራሉ። እንዲህ ከፈረሰ ግን ማሽኗ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ ናት። እጀታውን ለልጆቹ አልሰጡም፤ ስድስቱንም መደብ ራሳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ላይ ላዩን አስኬዷት።

የቀሩትን ስድስት መደቦች ፍግ ያመጣልን የነበረው ሰውዬ በሌላ ቀን ሲመጣ ጀመርናቸው። አህዮቹ ጭነታቸው እንደተራገፈ ወደ ጆንያዎቹ ሄደው አንዱን ቀደዱ። ሰውዬው ሊመልሳቸው ሲሮጥ ጋሼ እጁን ያዙት።

«ተዋቸው፣ ይብሉ። የሰኔውን ሪፖርት ነው።»