ግራኙ ሞዓ አንበሳ

ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ማተሚያ ቤት፣ ከየካቲት 23 በፊት ያሉት ሳምንታት የአድዋ ሹራብ ሳምንታት ናቸው። ትእዛዙ ዘግይቶ ይመጣል፤ «ቀላል ነገር እኮ ነው» የሚለው ቃል ግን ከትእዛዙ ቀድሞ ይደርሳል።

የዚያን ጊዜው ትእዛዝ 60 ወይን ጠጅ ሹራብ ነበር። ደረቱ ላይ ዘውድ የደፋ ወርቃማ አንበሳ፣ ሦስቱ ቀለማት ያሉበት ጥብጣብ የታሰረበት የመስቀል ዘንግ ይዞ። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ጽሑፍ ኮሚቴው አንበሳው ገዝፎ ይታይ ብሎ አስወጥቶታል።

ጨርቁ ግማሽ ጥጥ ግማሽ ፖሊስተር ነው። ሲለብሱት ምቹ፣ ሲያትሙት ጣጣ። ቀይ ፖሊስተር ሲሞቅ የጨርቁ ማቅለሚያ ተንኖ በታተመው ቀለም ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዛሬ ወርቅ የነበረው አንበሳ ከጥቂት ቀን በኋላ ብርቱካን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከሥር ማቅለሚያውን የሚያግድ ነጭ ቀለም በ110 ሜሽ ወንፊት ተደረገ (ቁጥሩ በአንድ ኢንች ያሉት ክሮች ነው)፤ ፍላሽ በሚባለው ማሞቂያ ደረቀ፤ ወርቁ፣ አረንጓዴውና ቀዩ በ156 ሜሽ ተከተሉ። ፕላስቲሶል እንደሚባለው እንደ ተለመደው የሹራብ ቀለም በ320 ፋራናይት ሳይሆን በ270 የሚበስለው ቀለም ተመረጠ። ከማድረቂያው የወጣውም ሳይቀዘቅዝ አልተደራረበም፤ ትኩስ ክምር ውስጥ ማቅለሚያው መውጣቱን አያቆምም። የጋማው መስመሮች ጨርቁ የሚታይባቸው ክፍተቶች ስለሆኑ ከ1.5 ፖይንት (ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ) በታች ያሉት ሁሉ ወፍረዋል፤ አለዚያ ቀለም ይሞላቸውና አንበሳው በግ ይመስላል።

ሹራቦቹን ሊረከቡ የመጡት ከኮሚቴው አንጋፋው ሽማግሌ ነበሩ። አንዱን ዘረጉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ያን ሁሉ የተደከመበትን ወርቅ በጣታቸው እንኳ አልነኩትም።

«ይኼ አንበሳ ግራኝ ነው እንዴ?»

ዝም አልን። እውነትም ዘንጉን በግራው ይዟል።

ነገሩ ሲጣራ፣ ምስሉን የላከው የኮሚቴው ጸሐፊ አሮጌውን ሹራብ ለብሶ ራሱን በራሱ ያነሳው ፎቶ ነው። ስልኩ እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጣል። ጽሑፍ ቢኖር ፊደሉ ወዲያው ያጋልጥ ነበር፤ አንበሳ ብቻውን ግን ወዴትም ቢዞር አንበሳ ነው። የማረጋገጫ ናሙናም ተልኮለት «በጣም ያምራል፣ ቀጥሉ» ብሎ መልሷል። መልእክቱ አሁንም አለ።

ዲዛይነራችን እጅ መስጠት አልፈለገም። ስልኩን አውጥቶ የምኒልክን ብር አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ይመልከቱ። ይኼ ግራ እግሩን ነው ያነሳው። ቀኙን ያነሳበትም ብር አለ። ሁለቱም የንጉሡ ገንዘብ ናቸው።»

ልክ ነው፤ ሁለቱም ዓይነት ተመትቷል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወረዱና ብዙ አዩት።

«ይኼ ፓሪስ የተመታው ነው። ፈረንጅ ስለ አንበሳችን እጅ ምን ያውቃል?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «እሺ እግሩ ይቅር። ፊቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ግራ።»

«ያንተስ?»

የኛው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አዲሱን ጨርቅ ኮሚቴው ከፈለ፣ የማተሙን ሥራ ሱቁ ቻለ፣ የመጀመሪያዎቹ 60 ለሱቁ ቀሩ። ጸሐፊው ምን ከፈለ? ምንም። ምስሉ የታተመባቸውን አሮጌ ግልጽ ፊልሞች ገልብጦ አዲስ ስክሪን፣ ማለትም የማተሚያ ወንፊት፣ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግን የፊልሙ የታተመው ገጽ ከስክሪኑ ኢሙልሽን (ብርሃን ሲነካው ከሚጠጥረው ቅብ) ሲርቅ ብርሃን ከሥሩ እየሾለከ ቀጭኑን መስመር ይበላል፤ ዘንጉም መስቀሉም ይሳሳል። አራቱም ፊልሞች እንደገና ታተሙ። አሁን ዓርማ በፎቶ የሚልክ ደንበኛ፣ አጠገቡ የሚነበብ ነገር አስቀምጦ እንዲያነሳ ይነገረዋል፤ የለስላሳ ጠርሙስም ይበቃል።

ግራኞቹ ሹራቦች በቅናሽ ዋጋ መደርደሪያ ላይ ወጡ። የገዟቸው ወጣቶች ስለ እጁ አንድም አልጠየቁም፤ ሲያስጨንቃቸው የነበረው ኤክስ ላርጅ ማለቁ ነው።