ጠርዙ ላይ ያለው ስም

ዛሬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ነገር በትንሽ ፖስታ ታሽጎ ደረሰኝ። አንድ የብር ሜዳሊያ፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የእንግሊዝ ጦር። አጉሊ መነጽር ይዤ ጠርዙን መብራት ሥር አዞርኩት። ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ ሬጅመንት (የጦር ክፍሉ)። መሳቢያዬ ውስጥ ከኖረው የዚያው ወታደር የነሐስ ሜዳሊያ ጋር አንድ ፊደል እንኳ አይለያይም!

ለማያውቅ ሰው፦ እንግሊዞች በዚያ ጦርነት ሜዳሊያ ላይ የባለቤቱን ስም ይቀርጹ ነበር፤ በብሩና በነሐሱ ጠርዝ ላይ፣ የ1914-15 (እ.ኤ.አ.) ኮከብ በሚባለው ሜዳሊያ ደግሞ ከጀርባው። ወራሾች ይካፈሏቸዋል፣ ነጋዴ ነጣጥሎ ይሸጣቸዋል። የብር ዋጋ ሲወደድ ቀልጦ የቀረውማ ስንቱ! ነሐሱ ብቻውን የሚገኘው ለዚህ ነው።

ስሙ ጠርዙ ላይ ያለው ይሄ ልጅ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ሜዳሊያዎቹን የተቀበሉለት ቤተሰቦቹ ናቸው። ለሟች ቤተሰብ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ የነሐስ ሰሌዳም ይላክ ነበር፤ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሰሌዳው ላይ ስም እንጂ ማዕረግ የለም፤ ጄኔራሉም ተራው ወታደርም እኩል ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ሆዴን ያባባዋል። የእሱን ሰሌዳ ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

(ለሻጩ «ጓደኛው እኔ ጋ ነው» ማለቴ ሞኝነት ነበር፤ ወዲያው ዋጋ ጨመረብኝ።)

ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ብሩ ጠቁሯል። ልወለውለው ጨርቅ አነሳሁና መልሼ ተውኩት።