ጥጃዋ ፓስፖርት አላት

ልጆቼ እዚህ እንግሊዝ አገር ለግልገል በጡጦ ወተት ሲያጠጡ ያነሳሁትን ፎቶ አገር ቤት ላሉ አብሮ አደጎቼ በቴሌግራም ላኩላቸው። ወዲያው ጥያቄው ተከታተለ። «በግ ለማየት ተከፍሎ ነው?» «ለበግ ደግሞ ጡጦ?» «ስንት አስከፈሏችሁ?» ለአራት ሰው ከ50 ፓውንድ በላይ እንደከፈልን ስነግራቸው አንዱ «በሱማ እዚህ በጉን ራሱን ገዝተህ ጎረቤት ትጠራበታለህ» አለኝ። ሌላው ግን፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ መምህር ነው፣ «አንተስ አልፎልሃል ወንድሜ። በግ ለማየት የሚከፍል ሰው ምን ይጎድለዋል? እኔም መንገዱን እያጠያየቅኩ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። እንቅልፍ የነሳኝ የሱ መልእክት ነው። ፎቶው ላይ የማይታየውን ልንገረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ያደግኩት መንዝ ነው። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በግ ቆጥሬአለሁ። በጨለማ የሚጮኸው ግልገል የየትኛዋ በግ እንደሆነ በድምፁ እንለይ ነበር። የጠፋች በግ ስትገኝ በጆሮዋ ላይ ባለው ቁራጭ ምልክት ባለቤቷ ይታወቃል፤ ከብቶቹም ስም ነበራቸው፣ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ። ወረቀት ግን ማንም አልነበረውም፣ እነሱም እኛም። ባና ለብሼ፣ በዚያ ብርድ፣ የዋልኩበትን እረኝነት ልጆቼ እንደ ተረት ነው የሚሰሙት። ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፣ በጎቹ አይነክሱህም ነበር?» አለኝ። ያን ቀን ነው እንደምንም ከበግ ጋር ላገናኛቸው ያሰብኩት።

እንግሊዝ አገር «ፋርም ፓርክ» የሚሉት አለ። እውነተኛ እርሻ ነው፤ ወተትና ሥጋ ብቻ የማያዋጣው ገበሬ በሩን ለቤተሰብ ከፍቶ ከመግቢያ፣ ከካፌና ከትራክተር ግልቢያ የሚተዳደርበት ነው። በጎቻቸው በብዛት የሚወልዱት በጸደይ ስለሆነ የፋሲካ ዕረፍት ሲመጣ ቦታው በሕፃናት ይሞላል። እኛም ዮርክሻየር ውስጥ ወዳለ አንዱ ሄድን። የነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ ስለዋለ እኔና ባለቤቴ ሁዳዴ ላይ ነበርን። ልጆቹ አይስክሬም ሲበሉ እኛ የተጠበሰ ድንች ይዘን ተቀመጥን።

እውነት ለመናገር ያየሁትን ወድጄዋለሁ። እናቱ የሞተችበትን ወይም ሦስት ወልዳ ወተቷ ያልበቃላትን ግልገል ሰብስበው፣ ወተቱን በልክ አሙቀው፣ በሰዓት ያጠጡታል። ሴት ልጄ መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ ጡጦውን በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች። እኔም የግልገሉን ጀርባ ስዳብስ እጄ ላይ የቀረው ሽታ ልክ የመንዝ ሽታ ነበር። ለዚያ ሽታ 50 ፓውንድ አይቆጨኝም።

ከየጋጣው መውጫ ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ። ባለቤቴ ቸኩላ የአልኮል ጄል ስታወጣ ሠራተኛዋ «እሱ አይበቃም፣ በውሃና በሳሙና» ብላ መለሰቻት። ይህ ጥብቅነት የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰሪ በሚባለው አውራጃ ባለ እንዲህ ያለ እርሻ ኢ ኮላይ የተባለው ተሕዋስ 93 ሰው ይዟል፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ፣ ኩላሊታቸው የተጎዳም ነበሩባቸው። የበጎች ማዋለጃው በር ላይ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትገባ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከምትወልድ በግ ፅንስ የሚያስወርድ ሕመም ሊተላለፍ ይችላል። ማስታወቂያውን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የኛ እናቶች እርጉዝ ሆነው፣ በኩራዝ ብርሃን፣ በባዶ እጃቸው በግ ሲያዋልዱ ኖረዋል። ፅንስ ሲወርድባቸው «የእግዜር ፈቃድ ነው» ተባለ እንጂ ምክንያቱን የነገራቸው አልነበረም። እህቶቼ፣ እዚህም ሆናችሁ እዚያ፣ ይህን ያዙልኝ።

እስከዚህ ድረስ ቀኑ መልካም ነበር። ከዚያ ወደ ከብቶቹ በረት ገባን።

አንዲት ወጣት አስጎብኚ ልጆቹን ዙሪያዋ ሰብስባ፣ ሁለቱም ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር ያንጠለጠለች ጥጃ አሳየቻቸው። «ይህች ጥጃ ፓስፖርት አላት» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ከእብድ ላም በሽታ ቀውስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ በአገሩ የሚወለድ ጥጃ ሁሉ ፓስፖርት ሊኖረው ግድ ነው። ባለቤቱ ጥጃው በተወለደ በ27 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ወረቀቱ ላይ የጆሮው ቁጥር፣ ዝርያው፣ ፆታው፣ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱም ቁጥር ይሰፍራል። ከአንድ እርሻ ወደ ሌላው ሲዛወር ይመዘገባል። ፓስፖርት የሌለው ከብት ሥጋው ለሰው ምግብ አይውልም።

የስድስት ዓመቱ ልጄ እጁን አወጣ። አያቱን በሕይወት ሳለች ለምን ሄደን እንዳላየናት ሲጠይቀኝ የነገርኩትን ይዞ ኖሯል። በእንግሊዝኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባቴ ግን ፓስፖርት አልነበረውም፣ ብዙ ዓመት ነው የጠበቀው። ጥጃዋ ለምን ቶሎ ተሰጣት?» አለ።

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ልጅ ያልጠበቁትን ሲናገር የሚሳቅ ሳቅ ነው። አስጎብኚዋ ግን ቀልታ ዝም አለች። ከጎኔ ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የቆመ ሰውዬ ዞር ብሎ፣ ፈገግ እያለ፣ «ታዲያ አንተ እንዴት ገባህ?» አለኝ።

ስንት ባለሥልጣን ጠይቆኛል ይህን ጥያቄ። በረጅም ቃለ መጠይቅ፣ በአስተርጓሚ፣ ላብ እያጠመቀኝ መልሼዋለሁ። በልጆቼ ፊት ግን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያውም በዕረፍት ቀኔ፣ ከፍዬ በገባሁበት፣ በከብት በረት ውስጥ። ልጄ ቀና ብሎ መልሴን ይጠብቃል። «ጥገኝነት ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ ተፈቅዶልኝ» አልኩት። ሰውዬው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ጥጃዋ መለሰ። እኔም ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። አስጎብኚዋ እስክትጨርስ ልጄን ይዤ ቆምኩ፤ እንደ ጥፋተኛ ስወጣ እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

አስጎብኚዋ ስለ መኖ ስትናገር ግን ሐሳቤ ወደ ጥበቃው ዓመታት ሄዶ ነበር። ማመልከቻዬ እስኪወሰን ሠርቼ መብላት ክልክል ነበር። በሳምንት 36 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ይሰጡኛል፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል እጋራለሁ። ጉልበቴና ትምህርቴ እያለ በየቀኑ መስኮት ላይ ነበርኩ። ደብዳቤ አምጪው ሲያልፍ ልቤ ይመታል። እናቴ ያረፈችው ያን ጊዜ ነው። ለቅሶዋን በስልክ ሰማሁ፤ የመንደሬ ሰው ሲያለቅስ እኔ ባዕድ ክፍል ውስጥ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። በኋላ ፈቃዱ ተገኝቶ ሰማያዊው የጉዞ ሰነድ ሲሰጠኝ ለየትኛውም አገር ይሠራል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር። የእናቴን መቃብር ያየሁት ዜግነት አግኝቼ፣ በሌላ አገር ፓስፖርት፣ ለአገሬ ቪዛ ጠይቄ ነው።

የልደት ቀኔ ነገር ደግሞ አለ። ጥጃዋ የተወለደችበት ቀን ተጽፎላታል፤ የእኔ ወረቀት ላይ ያለው ጃኑዋሪ 1 ነው። እናቴ ስትነግረኝ «አጨዳው ሳያልቅ፣ ከሚካኤል ሰሞን» ነበር የምትለኝ። ይህን ለጠያቂው እንዴት ይነግሩታል? ዓመቱን ከእኛ ወደነሱ አቆጣጠር ሲለውጡ አንድ ጊዜ አሳነሱኝ፣ አንድ ጊዜ አስረጁኝ። በልዩነቱ ምክንያት «ቃልህ አይጣጣምም» ተባልኩ። በመጨረሻ ጃኑዋሪ 1 ሆነ። እዚህ ያሉ ብዙ የማውቃቸው ሐበሾች በዚያው ቀን «ተወልደዋል»፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ የመልካም ልደት መልእክት በጅምላ ይደርሰናል።

እንግሊዞቹን ማማት አልፈልግም። የላማቸውን እናት ቁጥር የሚያውቁ ሰዎች የጎረቤታቸውን ስም ሳያውቁ ዓመታት ይኖራሉ፣ ይህ ይገርመኛል፣ ያሳዝነኛልም። ግን ለከብት እንዲህ የሚጠነቀቅ አገር ለልጆቼ ክትባትና ትምህርት ቤት አንድ ቀን አላጓደለም። እኛስ? የጎረቤታችንን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ማን ለማን እንደተዳረ፣ ማን ከማን እንደተጣላ እናውቃለን፣ የገዛ ልጃችንን የልደት ቀን ግን አንጽፍም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ስንቶቻችን አስመዘገብን?

ወንድሜ መምህሩ፣ አሁን ወዳንተ። እኔ ስመጣ ፈቃድ ያገኘ ስደተኛ አምስት ዓመት ቆይቶ ቋሚ መኖሪያ ይጠይቅ ነበር። በኖቬምበር 2025 የእንግሊዝ መንግሥት ፈቃዱን በየ30 ወሩ እየታየ የሚታደስ ጊዜያዊ ሊያደርገው፣ ለቋሚ መኖሪያም እስከ 20 ዓመት ሊያስጠብቅ ማቀዱን አስታውቋል። የዛሬዋ ትንሿ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አንተ ገና ትጠብቃለህ ማለት ነው። ለዜግነት ማመልከቻ ብቻ ከ1,600 ፓውንድ በላይ ይከፈላል። ደላላው ይህን አይነግርህም። ሊቢያን አይነግርህም፣ ባሕሩንም። እኔ ያለፍኩበትን መንገድ ለጠላቴ አልመኝም፣ ላንተማ እንዴት? አትምጣ ብዬ ግን ላዝህ አልችልም። ቤትህ ምን እንደጎደለ የምታውቀው አንተ ነህ፣ እኔም ስወጣ ማንም ሊያስቆመኝ አልቻለም።

ብትወጣም ባትወጣም ግን ነገ ጠዋት ቀበሌ ሂድ። የሁለቱንም ልጆችህን የልደት ምስክር ወረቀት አውጣ። የአንተንና የባለቤትህን የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃህን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አድርገህ ቅጂውን ታማኝ ዘመድ ጋ አስቀምጥ። በሁሉም ላይ ስምህ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ፤ እኔ በአንዲት ፊደል ልዩነት ብዙ ተመላልሻለሁ። እናትህ በሕይወት አለች፣ ተመስገን፤ ቁጭ ብለህ ጠይቃትና አንተ የተወለድክበትን ቀን አብራችሁ ፈልጉት፣ የየትኛው በዓል ሰሞን እንደነበር፣ የክርስትና አባትህ ማን እንደሆነ። ከዚያ ክፍልህ ግባና ተማሪዎችህን ስንቱ የልደት ወረቀት እንዳለው ጠይቃቸው። የሌላቸውን ስም ጽፈህ ለወላጆቻቸው ላክ።