ሁለት ቢጫ ጀሪካን

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ተሰልፈናል። መኪናዋ አምስት ሰው፣ ሦስት ሳይክል፣ አንድ ፌስታል በሶ እና ሁለት ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጭናለች። ትኬት የምትሰጠው ልጅ ጣሪያው ላይ የታሰሩትን ሳይክሎች ቀና ብላ አየችና «ውድድር አለ እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ ትራያትሎን» አላት የሚነዳው ጓደኛዬ፣ ኮራ ብሎ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ትዋኛለሽ፣ ከዚያ ሳይክል ትነጃለሽ፣ ከዚያ ትሮጫለሽ። ሳታርፊ።»

ልጅቷ ትኬቱን እያቀበለችው «ምን አጥፍታችሁ ነው?» አለች።

ሳቅን። ጥያቄዋ ግን እስከ ሞጆ አልለቀቀኝም። እናቴም ሰባት ወር ሙሉ ስትጠይቀኝ የከረመችው ይህንኑ ነው። እሷ ግን እንዲህ አሳጥራ አትጠይቅም።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ 2016 ነው። የፓሪስ ኦሊምፒክን እከታተል የነበረው እንደማንኛውም ሰው ለ10 ሺህና ለማራቶን ብዬ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ቢሮ ሆኜ ስልኬን ስከፍት፣ ሰዎች ሴን ወንዝ ውስጥ ተያይዘው ሲዘሉ አየሁ። ውሃው ቆሽሿል ተብሎ የወንዶቹ ውድድር በአንድ ቀን ተገፍቶ ነበር። ወንዝ ቆሸሸ ተብሎ ኦሊምፒክ ሲቆም አስቡት፤ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ትንሽ ፈገግ ይላል። ምሳዬን ትቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። እንግሊዛዊው አሌክስ ዪ በሩጫው ወደ ኋላ ቀርቶ ቀርቶ፣ ሊያልቅ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ኒውዚላንዳዊውን ሄይደን ዋይልድን ደረሰበትና አለፈው። ልክ የእኛዎቹ የመጨረሻ ዙር ላይ እንደሚያደርጉት። ከወንበሬ ተነስቼ ጮህኩ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ።

ያን ቀን ማታ ሒሳብ ሠራሁ። ሩጫው የእኛ ነው። ታላቁ ሩጫን ስድስት ጊዜ ሮጫለሁ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ሰዓት በታች እጨርሳለሁ። ሳይክል ልጅ ሆኜ ነድቻለሁ። የቀረኝ ዋና ብቻ ነው።

ይህ «ብቻ» ሰባት ወር በላ።

ለማያውቅ ሰው፦ ኦሊምፒክ ላይ ያለው 1500 ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ሳይክልና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ግማሹ አለ፤ ስፕሪንት ይሉታል፦ 750 ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትር፣ 5 ኪሎ ሜትር። በ1978 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ የተጀመረው አይረንማን የሚባለው 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል ነድተው ሙሉ ማራቶን የሚሮጡበት ነው፤ እሱን ለባለቤቶቹ ትተናል። እኛ ግማሿን ያዝን። የምንመዘገብበት ቦታ ፍለጋም አልደከምንም። ላንጋኖ ሄደን የራሳችንን እናዘጋጃለን ተባባልን፤ ተወዳዳሪ ሦስት፦ እኔ፣ ጓደኛዬና ባልደረባዬ፤ ዳኛ ሁለት፦ እህቴና የጓደኛዬ ሚስት።

ያደግኩት ጉለሌ ነው። በሰፈራችን የሚያልፈው ወንዝ አፍንጫ ይዘው የሚሻገሩት እንጂ የሚዋኙበት አይደለም። እናቴ ስለ ውሃ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል። በ36 ዓመቴ የዋና ልብስ ገዝቼ ቤት ስገባ «ማን ሊያይሽ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሆቴል ገንዳ እሄድ ጀመር። አብረውኝ የሚማሩት የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። እኔ የገንዳውን ጠርዝ የሙጥኝ ብዬ ሳለሁ እንደ አሳ እየተስለከለኩ ያልፉኛል። አንዷ ቆም ብላ «አንቺ ለምን ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። ልጅ ሲጠይቅ ያማል።

አሰልጣኙ ገና ወጣት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ። «እህቴ፣ አየር አታጠራቅሚ» ይለኛል ሁልጊዜ። እኔ ደግሞ የማውቀው አየር ማጠራቀም ነው። ውሃ ውስጥ ፊቴን ስከት ጉንጬን ነፍቼ ዝም። ከዚያ ለመተንፈስ ቀና ስል፣ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የድሮውን አየር ማስወጣትም አዲሱን መሳብም አለብኝ። አይበቃም። ውሃ እጠጣለሁ። በኋላ እንደገባኝ፣ ሰውን «ታፈንኩ» የሚያሰኘው በዋናነት የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ ያልወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውሃ ውስጥ እያሉ በአፍንጫ ቀስ እያሉ ማስወጣት፤ ሲዞሩ መሳብ ብቻ። በወሬ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው። የመጀመሪያዋን 25 ሜትር ሳልቆም ለመዋኘት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጫፍ ስደርስ ያቺ ልጅ አጨበጨበችልኝ።

ሳይክሉ ሌላ ጣጣ ነው። ከሰው እጅ የገዛሁት ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል ነው። ካቴናው በየአቀበቱ ይወልቃል። የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ስለሠራ ደስ ብሎኝ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። እዚያ ላይ የሚሮጥ አለ፣ የሚራመድ አለ፣ ፎቶ የሚነሳ አለ፣ ጋሪ የሚገፋ አለ። ሳይክል የያዝኩት ግን ብዙ ጊዜ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ጎማዬ ፈነዳና ጎሚስታ ጋ ገፍቼ ወሰድኳት። ሰውዬው የሲኖትራክ ጎማ ሲያገላብጥ የኖረ ነው። ሳይክሏን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ተቀበለኝ። ሲጨርስም ገንዘብ አልቀበልም አለ። «ይቺ ደግሞ ሥራ ናት?» አለኝ።

ሩጫውን ብዙ አልተለማመድኩም። ከሳይክል ወርዶ ወዲያው መሮጥን መልመድ ያስፈልጋል ሲሉ አንብቤያለሁ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ይለቃል ብዬ ተውኩት። ሩጫ እኮ ነው። ስሮጥ የሰፈር ልጆች «ደራርቱ!» እያሉ የሚከተሉኝ ሰው ነኝ።

ሞጆ ላይ እንደ ወትሮው የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ተቀበለን። ወደ ደቡብ ታጠፍን። ቆቃን በግራ አየት አድርገን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ መቂ የሽንኩርትና የቲማቲም ክምር ደረስን። ከአዲስ አበባ እየራቅን በሄድን ቁጥር መስኮቱ እየተከፈተ ሄደ። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምትባለው፣ ስንደርስ ምሳ ሆነ። እዚህ ላይ ጠብ ተነሳ። ጊዜው መጋቢት ነው፣ ዐቢይ ጾም። አራቱ ቆሮሶ አሳ ጥብስ አዘዙ። «አሳ የጾም ነው» አለ ጓደኛዬ ልክ ከሲኖዶስ እንደተላከ። እኔ ሽሮ አዘዝኩ። እናቴ ቀድሞውኑ «እሑድ ቅዳሴ ትተሽ ውሃ ልትገቢ?» ብላኝ ወጥቻለሁ፤ በዚያ ላይ አሳ አልጨምርም። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመው ያዩናል። የአሳው ሽታ ግን ሽሮዬን አበላሸብኝ።

ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። እጅህን ክንድህ ድረስ ብትከት ጣትህን አታየውም። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ነው ከየከተማው ሰው ለመዋኘት የሚመጣው። ጀልባ ያለው የአካባቢው ሰው አገኘንና ለነገ ጠዋት ተቀጣጠርን። ከመለየታችን በፊት ጠየቅኩት።

«ጉማሬ አለ እንዴ?»

«አለ።»

«የት?»

«ማዶ» አለ፣ በእጁ ወደ ምሥራቅ እያሳየ። ከዚያ ፊቴን አየና «ሩቅ ነው፣ እህቴ» ብሎ ጨመረ። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

12 ሰዓት ተኩል የተባለው ጀልባ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ቀጠሮ ነዋ። ጀሪካኖቹን በገመድና በድንጋይ አስረን ሐይቁ ላይ ተከልናቸው። ከዳር ወደ አንዱ፣ ከእሱ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ዳር፤ 250 ሜትር ገደማ። ሦስት ዙር። እህቴ ሰዓት ያዘች። የጓደኛዬ ሚስት እስከ ሦስት ቆጠረች።

መጀመሪያዋ መቶ ሜትር ላይ ሞትኩ ብያለሁ። ገንዳ ውስጥ ከታች ጥቁር መስመር አለ፤ እሱን እየተከተሉ መሄድ ነው። እዚህ ከታች ያለው ቡናማ ብቻ ነው። ቀና ስል ጀሪካኑ የነበረበት ቦታ የለም። ዞሬ ዞሬ ወደ ጀልባው ነበር የምዋኘው። ጉማሬው ትዝ አለኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መታ። ጉንጬ ተነፋ፤ ያው የድሮው ስህተት። በጀርባዬ ተገለበጥኩና ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ተንሳፈፍኩ። ባለ ጀልባው ምንም አልተጣደፈም። «ቀስ፣ ቀስ» አለኝ፣ ከብት እንደሚያባብል።

ረዥም አድርጌ አስወጣሁ። እንደገና አስወጣሁ። ከዚያ ተገለበጥኩ። በየስድስት የእጅ ምቱ እንደ ጉማሬ ዓይኔን ብቻ ከውሃው አውጥቼ ቢጫዋን መፈለግ ጀመርኩ። ቢጫ። አረፋ። ቢጫ። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ድምፁ ሁሉ ጠፋና የራሴ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ቡል ቡል እያለ ሲወጣ ይሰማኛል። ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ስለነበር አየሩም የተትረፈረፈ መሰለኝ። ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ ማለቁ ትንሽ ቅር አለኝ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የጉለሌዋ ልጅ። 24 ደቂቃ። ባልደረባዬ ከኋላዬ ነበር!

ደስታዬ 30 እርምጃ ቆየ። ሳይክሎቹን ያቆምነው ግራር ስር ነው፤ ጥላ ይኖረዋል ብለን። ግራር እሾህ እንዳለው ከአምስታችን አንዳችንም አላሰብንም። በባዶ እግሬ እየሮጥኩ ስመጣ ተረከዜ ላይ ገባ። እህቴ በፀጉር ማስያዣዋ ስታወጣው፣ ጭቃ ስናጥብ፣ እርጥብ ሰውነት ላይ ካልሲ ስንጎትት ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ። የሚያውቁት ሰዎች ልብስ መቀየሩን አራተኛው ስፖርት ነው ይሉታል፤ እሾህ ማውጣትን ግን አይጨምሩም።

ሳይክሉ በዋናው አስፋልት ላይ ወደ ቡልቡላ አቅጣጫ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ነበር። መኪናችን አራቱንም ፍሬቻ አብርታ ከኋላ ትከተላለች። አይሱዙ ሲያልፈን ሳይክሏ ትርገፈገፋለች። የአህያ ጋሪዎች፣ የከሰል ጆንያዎች፣ አስፋልቱን እንደ ግቢያቸው የሚያቋርጡ ከብቶች። በኮዳዬ የበጠበጥኩት በሶ ጡጦው አፍ ላይ ተጓጉሎ አልወጣ አለ። ስጨምቀው በአንድ ጊዜ ፈነዳና ፊቴን ሞላው። መንገድ ዳር የነበሩ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። 58 ደቂቃ።

ሩጫው ቀረኝ። የእኔው ሩጫ።

ከሳይክል ስወርድ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። እግሬ አሁንም ፔዳል የሚመታ ይመስለዋል። ከጭኔ በታች ሁለት ግንድ የተከሉብኝ ያህል ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ባለ ጀልባው ያዘገየን ሰዓት ተኩል አሁን በፀሐይ መልክ ተመለሰ። ጥላ የለም። አቧራው ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ። ተረከዜ ይወጋኛል። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ተራመድኩ። ታላቁ ሩጫ ላይ ስድስት ጊዜ ያልተራመድኩ ሰው! ባልደረባዬ፣ አስፋልት ላይ ሮጦ የማያውቀው፣ «አይዞሽ» ብሎኝ አለፈ። እንደዚያ ቀን «አይዞሽ» የሚለውን ቃል ጠልቼው አላውቅም።

የበሶዎቹ ልጆች አገኙኝ። አምስት ናቸው፣ ሦስቱ ባዶ እግራቸውን። «ጀባዱ! ጀባዱ!» እያሉ ከጎኔ መሮጥ ጀመሩ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። አንዱ ጠቦት ተሸክሟል። ጠቦት ተሸክሞም ይቀድመኛል። እፍረት ከበሶ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል መሰለኝ፣ እየተጎተትኩ አብሬያቸው ደረስኩ። አዲስ አበባ ላይ 28 ደቂቃ የሚፈጅብኝን 5 ኪሎ ሜትር በ39 ጨረስኩ። ሲደመር 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ከሦስት ሦስተኛ።

ባለ ጀልባው ጀሪካኖቹን ከውሃ አውጥቶ በእጁ ይዞ ይጠብቀናል። «ትወስዷቸዋላችሁ?» አለ። ለእሱ ሰጠነው። ከክፍያው ይልቅ በእነሱ የተደሰተ መሰለኝ።

በመመለሻችን ዝዋይ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ቆሮሶ ጥብስ አዘዝኩ። ከዚያ አንድ ጨመርኩ። ሁለተኛውን ግማሽ ላይ አድርሼው እያለ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«ደረቅሽ?» አለች።

«ደርቄያለሁ እማ።»

«አፍሽ ሞልቷል፣ ምን እየበላሽ ነው?»

ጓደኛዬ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።

«ሽሮ» አልኳት።