ጫማ ያስወለቅኳቸው ቀን

ዛሬ የስኳርና የደም ግፊት ሥልጠናችን ሦስተኛ ቀን ነበር። ጠዋት፣ ገና ሻይ ሳይጠጡ፣ ሁሉንም ጫማ አስወለቅኳቸው።

24 ናቸው። ሁሉም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች። ትንሿ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ትልቋ 15 ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ቀስ ብላ "ሲስተር፣ ዛሬ እግሬን ሳልታጠብ ነው የወጣሁት" አለችኝ። እኔም የፈለግሁት እሱን ነበር። የምንጎበኛቸው ሰዎችም እግራቸውን ታጥበው አይጠብቁንም። ከመንግሥት ቢሮ ለመጣች ልጅ እግርን ዘርግቶ ማሳየት ያሳፍራል። ያንን ሐፍረት መጀመሪያ በራሳቸው እንዲቀምሱት አስቤ ነው።

ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። አንዷ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሌላዋ በአመልካች ጣቷ ጫፍ የጓደኛዋን የእግር ጣት ጫፍ ነካ ታደርጋለች። አውራ ጣት፣ መሃል ጣት፣ ትንሿ ጣት። በሁለቱም እግር፣ በጠቅላላው 6 ቦታ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ። መጫን የለም፣ ማሸት የለም። ከ6ቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማ የእግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ነው፤ ሰውየው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ዘዴው የወጣው ኢፕስዊች ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀች ቀጭን የናይለን ክርም አለች፤ ግን ስንቱ ጤና ኬላ ውስጥ ትገኛለች? ጣት ግን ሁሉም ጋ አለ።

ስለ እግር ይህን ያህል የምጨነቀው በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ ስኳር ነበረበት። አንድ የክረምት ማታ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሲሞቅ ፍም እግሩን አቃጠለው። ስኳሩ የእግሩን ስሜት አደንዝዞት ስለነበር አልተሰማውም። እኛ ያወቅነው ከቀናት በኋላ፣ ካልሲው መሽተት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ቀጥሎ ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ሄደ። በዚያ ዓመት ወደ ቤታችን የጤና ሠራተኛ ትመጣ ነበር። መጸዳጃ ቤቱን አይታለች፣ አጎበሩን ቆጥራለች፣ የሕፃናቱን የክትባት ካርድ ጠይቃለች። የተማረችውን በትክክል ሠርታለች። የአባቴን እግር እንድታይ ግን ማንም አላስተማራትም። እኔስ? እኔ ነርስ ነኝ። ለበዓል እየሄድኩ ከጎኑ ተቀምጬ እበላ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "አባዬ፣ እስቲ እግርህን ልየው" አላልኩትም። ይህን ለሠልጣኞቹ ነግሬያቸዋለሁ። ስናገረው ዛሬም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ጎንደር የተማርን ሰዎች የደምቢያን ታሪክ ሳንሰማ አንመረቅም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ ጎንደር አጠገብ ያለው ደምቢያ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች አብረው እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲመጣም መንፈሱ ተመሳሳይ ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ልጆች ተመለመሉ፤ ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። 16 የጤና ትምህርት ፓኬጅ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። በነዚህ ልጆች እግር ስንት እናትና ሕፃን እንደተረፈ እኔ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።

ስኳርና ደም ግፊት ግን እንደ ወባ አይደሉም። ወባ ትመጣለች፤ ወይ ትገድላለች፣ ወይ ትለቃለች። ስኳር ግን ጎጆ ቀልሶ ነው የሚቀመጠው። እንዲህ ላለ በሽታ አንድ ቀን ትምህርት ሰጥቶ፣ ቅጽ ሞልቶ መሄድ አይበቃም። ተመልሶ መምጣት ያስፈልጋል። ሲመለሱም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለባቸው ማወቅ አለባቸው። የእኛ ሥልጠና የጎደለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትናንት ከሰዓት ሙሉውን በአንድ ጥያቄ አሳለፍነው። አንዷ ታማሚ ሆነች፣ ሌላዋ ጎብኚ። ጎብኚዋ ጠየቀች፦ "ኪኒንዎን በደንብ እየወሰዱ ነው?" ታማሚዋ መለሰች፦ "አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" በቃ። ወሬው እዚያው ሞተ። በአገራችን "ደህና ነኝ፣ ይመስገን" ጨዋነት ነው። ሰው ቤቱ የመጣን እንግዳ በችግሩ ማስጨነቅ አይወድም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው፦ "ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ኪኒኑ ቀረብዎት?" ይህ ጥያቄ መቅረቱን አስቀድሞ ይቀበለዋል። ሰውየው መዋሸት አያስፈልገውም። "ገበያ የሄድኩ ቀን ቀረ" ይላል። "ራስ ምታቱ ሲተወኝ እኔም ተውኩት" ይላል። ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ደህና ስለሆነ እየመሰለው ነው። ግፊት ደግሞ ሳያመው ነው የሚጥለው።

ስለ ጾምም ብዙ አወራን። ጠዋት ኪኒኑን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው በየቀበሌው አለ። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው እንዲህ ከዋለ ስኳሩ ይወርድበታል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል። ቤተሰቡም ለክፎት ነው ብሎ ወደ ጸበል ሊያጣድፈው ይችላል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ነገር ሳይጨምሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ። "ጾሙን ይተዉ" ማለት የእኛ ድርሻ አይደለም። "ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ነግረዋቸዋል?" ብሎ መጠየቅ ግን ድርሻችን ነው። ከሠልጣኞቹ አንዷ የቀበሌዋን ቄስ ይዛ ታማሚ ቤት እንደሄደች አጫወተችን። ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ሐሳብ። ስሟን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የሚቀጥለውን ሥልጠና አብራኝ እንድትሰጥ እጠይቃታለሁ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዲት እናት ጋበዝኩ። ኢንሱሊን መውጋት ከጀመሩ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። ስላይዱን አጥፍቼ እሳቸውን ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። በዘንቢል ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይዘው መጥተዋል። ትልቁ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አለ፣ መሃሉ ላይ ትንሹ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ኢንሱሊኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይገባል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። "እማማ፣ ማን አስተማረዎት?" ብለው ጠየቋቸው። "ነርሷ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ቅቤ እንዳይቀልጥብኝ የማደርገውን አደረግሁ" አሏቸው።

ቀጥለው የነገሩን ግን ለእኔም አዲስ ነበር። "መርፌውን ለምጄዋለሁ" አሉ። "ማኅበር ሄጄ ጠላውን እንቢ ስል 'ናቀችን' ይሉኛል። አንድ ቀን ስል፣ ሁለት ቀን ስል፣ ማኅበሩን ተውኩት። አሁን የማርያም ዕለት ቤቴ ብቻዬን እውላለሁ።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ስንት ጊዜ ነው "ምግብዎን ያስተካክሉ፣ መጠጥ ይተዉ" ብለን የሄድነው? ምክሩ ትክክል ነው። ግን ምን እንደሚያስከፍላቸው ጠይቀን አናውቅም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "እማማ፣ እርስዎ ከፈቀዱልኝ እኔ ማኅበርተኞቹን ላነጋግራቸው" አለች። እሳቸው ወዲያው አልመለሱም። "እስቲ ላስብበት" አሉ። ልጅቷም አልገፋቻቸውም። በዚያ ነው በጣም ደስ ያለኝ።

ሊመሽ ሲል ከባዱ ጥያቄ መጣ። "ሲስተር፣ እኛ ፈልገን አግኝተን ስንልካቸው ጤና ጣቢያው መድኃኒት ከሌለውስ?" የጤና መድን ያለው ሰው እንኳ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ከግል ፋርማሲ በገንዘቡ መግዛቱ አይቀርም። ገንዘብ ከሌለው ኪኒኑን ይተዋል። ልጅቷ የጠየቀችኝ ላኪዋ እሷ ስለሆነች ነው፤ በማግስቱ ሰውየው መንገድ ላይ የሚያገኘው እሷን ነው። የሚያጽናና ነገር ፈልጌ አጣሁ። መድኃኒት ያጡ ታማሚዎችን በስምና በቀን መዝግባችሁ በየወሩ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቡ፣ አንድ ቅጂ ለእኔ አምጡልኝ፣ እኔም ወረዳ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ አልኳቸው። ቃል ገብቻለሁ። ይህን እዚህ የምጽፈውም እንዳልረሳው ነው።

ነገ የቤት ጉብኝት ነው። ስድስት ቤት እንሄዳለን። የግፊት መለኪያው ባትሪ ደክሟል፤ በጠዋት ሱቅ ማለፍ አለብኝ። ወፍራም ክንድ ላላቸው ሰዎች ሰፊውን ማሰሪያም ከጤና ጣቢያው መዋስ አለብኝ። የመጀመሪያው የእማማ ቤት ነው፤ ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ ብለዋል። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግፊት አይለካም። ስለዚህ ገና በር ላይ ሳለን፣ ስኒው ሳይቀርብ፣ መጀመሪያ እንዲለኳቸው ለልጆቹ ልነግራቸው ይገባል።