ሲያንስም ሲበዛም፦ የሐር ትልን መከላከያ ያጠናሁበት መንገድ

የሐር ትል እንደ እኛ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ አያመርትም። ባክቴሪያ ሰውነቱ ውስጥ ሲገባ የሚመክተው አብሮት በተፈጠረው መከላከያ ነው። የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉ። መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። በመጨረሻ ስብ አካል የሚባለው ክፍል እንደ ሴክሮፒን ያሉ ባክቴሪያ ገዳዮችን ሠርቶ ወደ ደሙ ይለቃል። እኔን የሳበኝ መሃል ላይ ያለው ስካፎልድ ፕሮቲን ነው። ዋና ሥራው መልእክተኞቹን አንድ ቦታ ማገናኘት ነው።

ከትሎቹ ጀመርኩ። ሁሉም አምስተኛው የእድገት ደረጃ ላይ ያሉ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያደጉና ትኩስ የሙልቤሪ ቅጠል የበሉ ነበሩ። መርፌው ብቻውን መከላከያውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ የሞተ ባክቴሪያ ከተወጉት ጎን ጨዋማ ውሃ ብቻ የተወጉና ጭራሽ ያልተነኩ ትሎች ያስፈልጋሉ። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት የተገኘ ውጤት አያሳምነኝም።

ደም መቅዳት ጥድፊያ ይጠይቃል፤ አየር ካገኘው ይጠቁራል። ቱቦውን በረዶ ላይ አድርጌ ትንሽ ፌኒልታዮዩሪያ ጨመርኩበት። ይህ የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ያግዳል። መርዝ ስለሆነ ግን ያለ ጓንት አይነካም።

ስካፎልዱን ለመቀነስ ጂኑን ማፈን ያስፈልጋል፤ ጂንን በአርኤንኤ ማፈን ግን በትሉ ላይ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ ያንን ክፍል ከሐር ትል በተገኙ፣ በላብራቶሪ በሚራቡ ሴሎች ላይ ሠራሁት። የጂኑ መልእክት (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የአርኤንኤ ቅጂ) ቀነሰ ማለት ፕሮቲኑም ቀነሰ ማለት አይደለም። ፕሮቲኑን ራሱን መለካት ግድ ነው።

ስካፎልዱ ሲቀንስ የሴክሮፒን ጂን ሥራ ወረደ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በጣም ሲበዛስ? አሁንም ወረደ! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ሁለት ሰዎችን የሚያስተዋውቅ አንድ አገናኝ ቢኖር ይገናኛሉ። አገናኞቹ ከበዙ ግን አንዱ ሰው ከአንዱ አገናኝ፣ ሌላው ከሌላው ጋር ይቀራል። ፕሮቲኖቹም እንዲሁ ይበታተናሉ።

ስለዚህ ስካፎልድ ለሚያጠና ሰው የምመክረው መጠኑን ደረጃ በደረጃ እንዲያሳድግ ነው፤ ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብዙ። "አለ ወይስ የለም" ብቻ ብሎ ማወዳደር አይበቃም። በየደረጃው ደግሞ ስካፎልዱ ከሚያገናኛቸው አጋሮች አንዱን በአንቲቦዲ ስቦ፣ ሌላው ተከትሎ መምጣቱን ማየት ያስፈልጋል። የጂን መለኪያው የሴክሮፒን ጂን ሥራ መውረዱን ይናገራል፤ አጋሮቹ መለያየታቸውን የሚያሳየው ግን ይኸኛው ነው።