ሮማኒያዊ «ኤ»ን የሚጥለው የት ነው?

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት «ኤ» እና «አን»ን ሲያስተምሩ ሁሌም ከአንድ ቦታ ነው የሚነሱት። አናባቢ ከመጣ «አን»፣ ካልመጣ «ኤ»። «አን አፕል»፣ «ኤ ካት»፣ አለቀ። እኔ ለንደን ውስጥ ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ክፍሌን የሚሞሉት ደግሞ ሮማኒያውያን ናቸው። አይገርምም። በ2021 በተደረገው የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ዋና ቋንቋችን ሮማኒያኛ ነው ያሉት 472 ሺህ ገደማ ናቸው፣ ከውጭ ቋንቋዎች የሚበልጣቸው ፖላንድኛ ብቻ ነው። ለእነሱ ያቺ የአናባቢ ሕግ የችግሩ ትንሿ ክፍል ናት።

ፖላንዶች አርቲክል የሚባል ነገር፣ ማለትም እንደ «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» ከስም ጋር የሚሄድ ቃል፣ ቋንቋቸው ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ከዜሮ ይጀምራሉ። ሮማኒያውያን ግን አላቸው። ለወንዴ ስም «ኡን»፣ ለሴቴ «ኦ» ይላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ «ይሄን እናውቀዋለን» ብለው በሮማኒያኛው ልክ ይሄዳሉ።

አንድ ተማሪዬ ለሥራ ማመልከቻ ጽፎ አሳየኝ። የመጀመሪያው መስመር «አይ አም ኢንጂነር» ይላል። «አን» የለም። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «አይ አም ኤ ጉድ ኢንጂነር» ብሏል፣ ትክክል! ላየው ሰው ግዴለሽነት ይመስላል፣ ብዙ አስተማሪም «ተጠንቀቅ እንጂ» ብሎ ያልፈዋል። ሰውየው ግን አልተዘናጋም። በሮማኒያኛ መሐንዲስ ነኝ ለማለት «ሱንት ኢንጂነር» ነው የሚባለው፣ ያለ አርቲክል። ጎበዝ መሐንዲስ ነኝ ሲል ግን፣ ቅጽል ስለመጣ፣ «ሱንት ኡን ኢንጂነር ቡን» ይሆናል። የራሱን ቋንቋ ሕግ ሳያዛንፍ ነው የጠበቀው። ይህን በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ብቻውን ምንም አይፈይድም፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ልዩነቱን ስታሳየው ነው የሚገባው።

ሌላም አለ። መኪና አለኝ፣ ቤት እየፈለግኩ ነው፣ ያለ ጃንጥላ ወጣሁ። እነዚህን ሮማኒያኛም እንደኛው ያለ ምንም ጭማሪ ይላቸዋል። ስለዚህ «ዊዛውት አምብሬላ» የሚለውን ከነሱም ከኛም ሰው እኩል እሰማለሁ። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ በእንግሊዝኛ የሚቆጠር ነጠላ ስም ራቁቱን ከቤት አይወጣም። «ኤ» ይልበስ፣ «ዘ» ይልበስ፣ «ማይ» ይልበስ፣ ብቻ አንድ ነገር ይልበስ።

የተገላቢጦሹም አለ፣ ማይገባበት መክተት። ሮማኒያኛ ምክርንና መረጃን ይቆጥራል፤ «ኡን ስፋት» አንድ ምክር ነው፣ ብዙም ይሆናል። ስለዚህ «አን አድቫይስ»፣ «አን ኢንፎርሜሽን» ይመጣል። እኛስ «አንድ ምክር ልስጥህ» አይደል የምንለው? እንግሊዝኛ ግን እነዚህን እንደ ውሃ ነው የሚያያቸው፣ አይቆጥራቸውም። «ሳም አድቫይስ» ወይም «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ማለት ነው መፍትሔው። «ኒውስ»ም እዚሁ ይገባል፣ መጨረሻው ላይ ባለው «ስ» አትሸወዱ።

የአናባቢዋን ሕግ ንቄ የተውኳት እንዳይመስላችሁ። ሮማኒያኛ በአብዛኛው እንደተጻፈ ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ ተማሪዎቹ ፊደሉን ያምናሉ። «አወር» በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በ«ኤች» ስለሚጀምር «ኤ አወር» ይላሉ፤ «ዩኒቨርሲቲ» በአናባቢው ፊደል በ«ዩ» ስለሚጀምር «አን ዩኒቨርሲቲ»። ሕጉ የሚሠራው በጆሮ ነው፦ «አን አወር»፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። አጋኖ የሚነገረውም ያስቸግራል። እነሱ «ምን ዓይነት ቀን ነው!» ለማለት «ቼ ዚ!» ብለው ያለ አርቲክል ይጨርሳሉ፣ «ዋት ኤ ዴይ» ላይ ያቺ «ኤ» ሁሌ ትጠፋለች።

መለማመጃው ቀላል ነው። ከመጽሐፍ ሳይሆን ትናንት ከላካችሁት መልእክት ጀምሩ። ነጠላ ስሞቹን አስምሩባቸውና እያንዳንዱን «ትቆጠራለህ ወይ?» በሉት። የሚቆጠር ሆኖ ፊቱ ባዶ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል። «ባይ ካር» እና «ኢን ቤድ» ታዲያ ለምን ባዷቸውን ይሄዳሉ የሚል ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሁሌም ይነሳል። እነሱን በቃ መሸምደድ ነው።